የሾላው ጦጣዎችና አባቴ

ትናንት ወደ ቤተሰቦቼ ስንመጣ ሚኒባሱ ውስጥ የመጣው ሽታ አንቺን ምንም አላለሽም። ሐርቡን እንዳለፍን ከፊታችን የተቀመጡት ገበሬ እግራቸው ሥር ያስቀመጡትን ፌስታል ሲያስተካክሉ ነው ብቅ ያለው። የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ላይ ነጭ ጋዝ የፈሰሰበት ዓይነት፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ። "ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩ። አንቺም ሻንጣሽን ታቅፈሽ ተከተልሽኝ። ፀሐይ ላይ ቆመን ሌላ መኪና ስንጠብቅ "ምን ነካሽ?" ብለሽ ሁለቴ ጠየቅሽኝ፤ አልመለስኩልሽም። ዛሬ ልንገርሽ።

ያ ሽታ የአባቴ እጅ ሽታ ነው።

ልጅ ሳለሁ አባቴ እዚሁ ከሚሴ የዘርና የእርሻ መድኃኒት ሱቅ ነበረው። ከአስፋልቱ አንድ መታጠፊያ ገባ ብሎ፣ ገበያው አፍ ላይ። ፊቱ ወደ ገበያው ይከፈታል፤ የጓሮ በሩ ወደ ግቢያችን። ገበሬው ከጨፋም ከሰንበቴም ይመጣና ተባይ የበላውን ቅጠል ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ይዘረጋል። አባቴ ቅጠሉን ገልብጦ አይቶ፣ አንዱን ጠርሙስ ከመደርደሪያው ያወርዳል፤ እንዴት እንደሚረጭ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ይነግረዋል። ምሳ ሊበላ ሲገባ በሳሙና ይታጠባል፣ ሎሚ ገምሶ ያሻል፣ ደግሞ ይታጠባል። ሽታው ግን አይለቅም። እኔ ሽታውን አልጠላውም ነበር። ትምህርት ቤት ታምሜ የመጣሁ ቀን ግንባሬን የሚዳስሰኝ እጅ እሱ ነው፤ ስለዚህ ያ ሽታ ለእኔ መዳን ነበር።

ከግቢያችን አጥር ማዶ ወደ ቦርከና የሚወርድ ሸለቆ አለ። አፋፉ ላይ ትልቅ ሾላ ነበር። ጦጣዎቹ እዚያ ናቸው።

አሥረኛ ክፍል ስገባ የባዮሎጂ አስተማሪያችን፣ ከደጋ የመጣ ቀጭን ወጣት፣ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ አለን፦ "አንበሳና ዝሆን መጽሐፉ ላይ አሉላችሁ። እኔ የምፈልገው ከእናንተ ጋር ከተማ ውስጥ የሚኖረውን ነው። አንድ እንስሳ ምረጡ፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ እዩት፤ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። የመሰላችሁን አይደለም፤ ያያችሁትን።" አንዷ ቁራ መረጠች፣ አንዱ እንሽላሊት። እኔ ጦጣ አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ጦጣን በኦሮምኛ "ቀመሌ! ቀመሌ!" እያሉ እስከ ጥቅምት ጠሩኝ።

መስከረም ላይ ደብተሬ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ቦርከና ሞልቶ፣ ዳር ዳሩ ለምልሞ፣ ወደ ሰው የሚያመጣቸው ነገር አልነበረም። ጥቅምት ላይ ማሽላው ሲያሽት ደግሞ እርሻው ውስጥ ናቸው፤ የጠባቂዎቹ ጩኸትና የወንጭፍ ድምፅ ከወንዙ ማዶ እስከ ግቢያችን ይሰማል። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ ሲቀር፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ከተማ ገቡ። ጠዋት ጠዋት ቆርቆሯችን ላይ ሲሮጡ በረዶ የሚዘንብ ይመስል ነበር። ከጓሮ በር ደረጃ ላይ ተቀምጬ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ፊታቸው ጥቁር፣ ከቅንድባቸው በላይ ነጭ መስመር፣ እጃቸው የሰው እጅ። ፀሐይ ሾላው ጫፍ ላይ ስታርፍ ሁሉም ደረታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ዝም ብለው ይሞቃሉ። ካያቸው ሰው ሁሉ ይልቅ እኔ የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉም ጆሮ ቆራጣዋን እወድ ነበር። ግራ ጆሮዋ ግማሹ የለም፤ ውሻ ይሁን ሽቦ አላውቅም። ጥር ላይ ወለደች። ልጇ ጥቁር ፀጉር፣ ሮዝ ፊት፤ ሆዷ ላይ ተለጥፎ ስትዘል አይወድቅም። ያን ቀን ሁለት ገጽ ጻፍኩ።

እውነቱን ለመናገር ሌቦች ነበሩ። ከአባቴ ሱቅ ፊት ለፊት ሙዝና ማንጎ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት አምስት ልጆች በዚያች መደብ ያሳደገች፤ ሠፈሩ ሁሉ እትዬ ይላታል። አንዷ ጦጣ ቆርቆሮ ላይ ሆና የእትዬን ዓይን ስትስብ ሌላዋ ከታች ሙዙን ጎትታ ትሮጣለች። እትዬ ስትራገም ገበያው ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። አንድ ቀን ግን ሙዝ የያዘች የልጅ ልጇ ላይ አንዱ ወንድ ጦጣ ዘሎ እጇን በጥፍሩ ሰነጠቀው። ሕፃኗ ድምፅ አልወጣላትም፤ አፏ ብቻ ተከፍቶ ቀረ። አባቴ ባንኮኒውን ዘሎ ወጣ፤ በጄሪካን ውኃ እጇን አጠበላት፣ በንጹሕ ጨርቅ አሠረላት፣ ጤና ጣቢያ ድረስ ተሸክሟት ሄደ።

እትዬ እኔን ነበር የምታየኝ። ደብተሬን። "አንቺ ለጦጣ ትጽፊያለሽ። ለዚህች ማን ይጻፍላት?" አለችኝ።

ከሳምንት በኋላ ትልቁ ወንድ ጦጣ ሸለቆው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በነጋታው ሌሎች ሁለት። አፋቸው ላይ አረፋ ደርቆ፣ ጣቶቻቸው ሣሩን ጨብጠው። አስተማሪያችንን ሮጬ ጠራሁት። መጣና ተንበረከከ፤ በእንጨት የአንዱን አፍ ከፈት አደረገው። ግማሽ የታኘከ ሙዝ ነበር።

"ጠጋ ብለሽ አሽትቺ፤ እንዳትነኪው" አለኝ።

ጎንበስ አልኩ። የአባቴ እጅ ሸተተኝ።

"ታውቂዋለሽ ይኼን ሽታ?"

"አላውቀውም ቲቸር" አልኩት።

ለሰው የዋሸሁት ትልቁ ውሸት እሱ ነው። አውቀዋለሁ ብል ምን ይመጣል? ወይ ፖሊስ፣ ወይ ቀበሌ፣ ወይ አባቴ አንገቱን ደፍቶ በገበያው መሀል ሲሄድ። ቲቸር ዓይኔን ትንሽ አየና ተነሣ። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ ያለን ሰው ነው፤ ያየሁትን ግን እንድነግረው አላስገደደኝም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃው ላይ ስቀመጥ ፊቴ ወደ ሾላው፣ ጆሮዬ ወደ ሱቁ ሆነ። ጠርሙስ ከመደርደሪያው ሲወርድ እሰማለሁ። ጋዜጣ ሲቀደድ እሰማለሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ ደንበኛ ሲመጣ ወደ ጓሮው በር እጠጋለሁ። የደብተሬን የኋላ ገጾች ለአባቴ አደረግኳቸው። "ማክሰኞ። ከእትዬ ጋር በር ላይ ቆመው አወሩ። ሳያት ወደ መደቧ ተመለሰች።" "ረቡዕ። ከዐስር ሶላት በኋላ ክዳን ያለው ባልዲ ይዞ በጓሮ ወጣ። ባዶውን መለሰ።" "ሐሙስ። ባልዲ። ወዴት እንደሆነ እማ ጠየቀችው፤ 'መጣሁ' አላት እንጂ አልመለሰላትም።"

ምሳ ከእሱ ትሪ መብላት ተውኩ። መጀመሪያ ሆዴን አመመኝ አልኩ፤ ቀጥሎ ፈተና አለብኝ አልኩ። አንድ ቀን እንደ ልማዱ ሊያጎርሰኝ እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እማ በመደንገጥ አየችኝ። እሱ ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው።

"ኢንታላ ኮ፣ ማል ታቴ?" አለኝ። ልጄ፣ ምን ሆንሽ ማለቱ ነው። አባቴ ሲጨነቅ ቋንቋው ወደ ኦሮምኛ ይዞራል።

"ምንም አልሆንኩም።"

ዓርብ ተከተልኩት። ባልዲውን ይዞ የአጥሩን ቀዳዳ አልፎ፣ ሸለቆውን ወርዶ፣ ወንዙ ሊደርስ ሲል ከትልቅ ቋጥኝ ሥር ጎንበስ አለ። ዞር ዞር ብሎ አየ። ከባልዲው የሆነ ነገር አፈሰሰና መጣ። ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቼ አሳለፍኩት፤ ጫማው ከፊቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ሲርቅ ሄጄ አየሁ። ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ግማሹ ውኃ። አጠገቡ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የራሰ ማሽላ ተደርድሯል። አነሣሁና አሸተትኩት።

ሱቁን ሱቁን ይሸት ነበር።

አልጮህኩም። ውኃውን ደፋሁት፤ ጉድጓድ ቆፍሬ ማሽላውን ቀበርኩት፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት። ቅዳሜም እንደዚሁ። እሑድም። እሱ ያስቀምጣል፣ እኔ ደፍቼ እቀብራለሁ። ጦጣዎቹ ከዛፍ ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። ጆሮ ቆራጣዋ አንዴ እስከ ቋጥኙ ወረደች፤ በድንጋይ አባረርኳት። ልጇ ሆዷ ላይ ነበር። "ሂጂ! ከዚህ ሂጂ!" እያልኩ አለቀስኩ። ያዳንኳት መስሎኝ ነበር።

የበጋው መጨረሻ ነው፤ ሙቀቱ ቆርቆሮውን የሚያስጮህበት፣ ቦርከና የሚደርቅበት፣ በልጉ ይመጣል ሲባል የሚቀርበት። ሸለቆውን ዞረው የሚበላና የሚጠጣ ሲያጡ ጦጣዎቹ ሄደው ሄደው ወደሚያውቁት ቦታ፣ ወደ ገበያው ወጡ። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከፍራፍሬ መደቦቹ ጀርባ ሰው ተሰብስቧል። ሰንጥቄ ገባሁ። ጆሮ ቆራጣዋ በጎኗ ተኝታለች። ልጇ አልሞተም፤ የእናቱን ጡት ይዞ ይጎትታል። እትዬ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ከሁሉም ኋላ ቆማለች፤ ሕፃኗ ቀሚሷን ይዛ።

ወደ ሱቁ ሮጥኩ። አባቴ ለአንድ ሽማግሌ የበቆሎ ዘር እያሳየ ነበር።

"አንተ ነህ!" አልኩት። "አንተ ነህ የገደልካቸው!"

ሽማግሌው "አዑዙ ቢላህ" ብለው ወደ ኋላ አሉ። አባቴ ዘሩን አስቀመጠ። ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቆ አስወጣቸው፤ የሱቁን መዝጊያ ግማሽ አወረደው። ብርሃኑ ከወገባችን በታች ብቻ ቀረ። ፊቱ አይታየኝም ነበር፤ እጆቹ ብቻ።

"አልገደልኩም" አለ። እጆቹን እርስ በርስ አሻሸ። "ሸጫለሁ ግን።"

እትዬ የልጅ ልጇ የተቧጠጠች ሰሞን መጥታ ቤቴን ምስጥ በላው ብላ መድኃኒት ጠየቀችው። "ቤቷን አውቀዋለሁ፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ምስጥ የለበትም። አውቅ ነበር። ለምንድን ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። የልጅቷን እጅ አይቻለሁና አፌ ተያዘ። ሳልጠይቃት ሰጠኋት።" ሦስቱ ሲሞቱ ሄዶ ጠይቋታል፤ ወላሂ ለምስጥ ነው ብላ ምላለች። ሙዙን ስታስቀምጥ ያያት የለም። "እሷ ትሁን፣ ሌላ ሰው ይሁን፣ አላየሁም። አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ ማድረግ የምችለው ወደ ገበያው እንዳይወጡ ታች ማቆየት ነው ብዬ ውኃና ማሽላ ማውረድ ጀመርኩ። በመድኃኒት ያልታሸ ዘር ነው፤ ሦስቴ አጥቤዋለሁ። የሚሸተው እጄ ነው።"

የዘር ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

"ውኃውን የምደፋው እኔ ነኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"ታውቃለህ?"

"ቅዳሜ ዞር ብዬ አይቼሻለሁ። ስታለቅሺም አይቼሻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ አብዬ?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ?" አለ። "መርዝ አይደለም እንድልሽ፣ መርዙን ማን እንደሸጠው መናገር ነበረብኝ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ…"

አልጨረሰውም። መዝጊያውን ገፋ አድርጎ ወጣ። ስከተለው ሰዉን አልፎ ገብቶ ጋቢውን አወለቀ፤ ግልገሉን ከእናቱ ላይ ቀስ ብሎ አላቅቆ ጠቀለለው። የግልገሉ ጣቶች የእናቱን ፀጉር አንድ በአንድ ነው የለቀቁት። ማንም አልሳቀም። የእትዬ የልጅ ልጅ "ትንሽ ነው" አለች፤ እዚያ ከተሰበሰበው ሰው አፍ የሰማሁት ሌላ ነገር ትዝ አይለኝም።

ያን ቀን የፍየል ወተት በጥጥ እያረጠብን ሰጠነው፤ ጠባ። አስተማሪያችንን ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሽታውንም፣ ውሸቴንም። አልተቆጣኝም። "ቤት ውስጥ አይኖርም። ከቀሩት አንዷ ከተቀበለችው ይድናል፤ ካልተቀበለችው አይድንም። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ ውሰዱት" አለኝ። ጠዋት ከሱብሒ ሶላት መልስ እኔና አባቴ ወረድን። የቀሩት ከሾላው ለቀው ወንዙ ዳር ካለ ግራር ላይ ነበሩ። አባቴ ግልገሉን ከዛፉ ሥር አስቀምጦ ወደ ኋላ እየተራመደ መጣ። ግልገሉ ጮኸ፤ ቀጭን፣ እንደ በር ማጠፊያ ያለ ድምፅ። አንዲት ጡቷ የተንጠለጠለ አሮጊት ጦጣ ወረደች። አሸተተችው። ሄደች። እንደገና ተመለሰችና በአንድ እጇ አፍሳ ሆዷ ላይ ለጠፈችው።

"አላሁ አክበር" አለ አባቴ በሹክሹክታ።

ግልገሉ ይኑር አይኑር አላወቅንም። የቀሩት ከዚያ በኋላ ወደ ከተማ አልወጡም።

በዚያው ሳምንት አባቴ ይዞኝ ወደ እትዬ ሄደ። ጥቅል የወንፊት ሽቦ ተሸክሞ ነበር። ገና ስታየው "ሊጠረጥሩኝ ነው አንቱ የመጡት?" አለች።

"የለም እህቴ። በሬን አልፎ የወጣው ነገር ተጠያቂው እኔ ነኝ። ሳልጠይቅሽ መስጠት አልነበረብኝም፤ አፉ በይኝ። ይኼን ሽቦ መደብሽ ላይ ልምታልሽ ነው የመጣሁት።"

አፉ ብያለሁ አላለችም። አይሆንምም አላለችም። ሽቦውን ሲመታ ሚስማሩን አንድ በአንድ እያቀበለችው ዓይኖቿ ግን እኔ ላይ ነበሩ፤ የኔም እሷ ላይ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሙዝ በገዛሁ ቁጥር ከፊቷ ሆኜ ልጣጡን ገልብጬ አያለሁ። ታየኛለች። መልሴን ቆጥራ ትሰጠኛለች።

ምስጥ ማጥፊያውን አባቴ ከመደርደሪያው አወረደው፤ ዳግም አላመጣም። ደብተሬን ሰኔ ላይ ስሰጥ የኋላ ገጾቹን ቀድጄ አወጣኋቸው። አባቴን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ውኃውን ባልደፋ ኖሮ ጆሮ ቆራጣዋ ትተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። "ሙዝ የለመደች ጦጣ ናት፤ ውኃው ቢኖርም ትወጣ ነበር" አለኝ፤ ቶሎ ብሎ፣ ያዘጋጀው ይመስል። ሊያጽናናኝ የዋሸኝ ይመስለኛል። እስከ ዛሬ ይመስለኛል።

ምሳ ከትሪው መብላት ጀመርኩ። ጉርሻውንም ጎረስኩ። ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የተመለሰ መስሎኝ ነበር። አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። አባቴ ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ሳይናገር ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ሳልጠይቀው ነው። "መስጊድ ነው።" "ለቅሶ ቤት ነው፤ ጨፋ ሮቢት፤ ማታ እመለሳለሁ።" ኮሌጅ ሄጄ ስደውልለት እንኳ መጀመሪያ የሚነግረኝ ከየት እንደመጣና ምን ይዞ እንደነበር ነው። እማ ስለሚወደኝ ይመስላታል። እሱም አለበት። ግን እኔ አውቀዋለሁ፤ እየታየ መሆኑን ያወቀ ሰው ነው እንደዚያ የሚናገረው።

ብዙ ጊዜ "አብዬ፣ እኔ'ኮ አልጠየቅኩህም" ልለው ተነሥቻለሁ። ስለው ያን በጋ ስሙን ጠርቼ መካከላችን ማስቀመጤ ነው። እሱ አይፈልግም፤ እኔም አልችልም።

ዛሬ ጠዋት አንቺ ገና ተኝተሽ ሳለ ጫማውን ሲያጠልቅ አገኘሁት። ሱቁን ከዘጋ ቆይቷል፤ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። ጎንበስ ብዬ ተረከዙን አስገባሁለት።

"ወፍጮ ቤት ድረስ ነው" አለኝ። "በዚያው ጢሜን ተቆርጬ እመጣለሁ። ከዙህር ሶላት አላልፍም።"

"እሺ አብዬ" አልኩት።

ሌላ የምጠይቀው ካለ ብሎ ነው መሰለኝ፣ በሩን ይዞ ትንሽ ቆመ።